የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ፦ የማነጻጸሪያ ድረ ገጾችና የአየር መንገዶች ዋጋ ለምን ይለያያል?

ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኙት የየካ ክፍለ ከተማ ሰፈሮች የአውሮፕላን ትኬት የጥቂት ባለጸጎች ጉዳይ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በእንጦጦ ጫካ ልምምዱን የሚሠራ ሯጭ ለውድድር ወደ አውሮፓ ወይም ወደ እስያ ይጓዛል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከኮተቤ የሚነሱ ወጣቶች ለሥራ ወደ ዓረብ ሀገራት ይሄዳሉ። በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት የሚኖሩ ልጆች ወላጆቻቸውን ሊጠይቁ ለበዓል ይመጣሉ። ከጎንደር፣ ከላሊበላ ወይም ከኮምቦልቻ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ታማሚና አስታማሚም አውሮፕላን የሚሳፈርበት ጊዜ አለ።

የሁሉም ጉዞ በአንድ ጥያቄ ይጀምራል፤ ትኬቱ ስንት ነው? መልሱ ግን አንድ ላይሆን ይችላል። ለአንድ ቀን፣ ለአንድ አውሮፕላንና ለአንድ መቀመጫ በእጅ ስልክ ሲፈለግ አንዱ ድረ ገጽ አንድ ዋጋ፣ ሌላው ድረ ገጽ ሌላ ዋጋ፣ አየር መንገዱ ራሱ ደግሞ ሦስተኛ ዋጋ ሊያሳይ ይችላል። ልዩነቱ ከጥቂት መቶ ብር እስከ ብዙ ሺህ ብር ሊደርስ ስለሚችል፣ ለትኬት ብሎ በሬ ለሸጠ ወይም ዕቁቡን ላወጣ ቤተሰብ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ በመጀመሪያ ርካሽ መስሎ የታየው ትኬት በመጨረሻ ውድ ሆኖ የሚገኝበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ሻጩ ማን ነው?

የዋጋውን ልዩነት ለመረዳት በቅድሚያ በገበያው ውስጥ ያሉትን ሦስት ወገኖች መለየት ያስፈልጋል። ነገሩ ከእህል ገበያ ብዙም አይርቅም። ጤፍ ያመረተው ገበሬ አለ፤ ከገበሬው ተረክቦ ትርፉን ጨምሮ የሚሸጥ ነጋዴ አለ፤ ገበያ ውሎ ተመልሶ «ዛሬ ጤፍ በዚህ ዋጋ ዋለ» ብሎ ወሬ የሚነግር ሰውም አለ። ሦስቱም ስለ አንድ ጤፍ ይናገራሉ፤ የሚናገሩት ዋጋ ግን በአንድ ሰዓት የተጠየቀና አንድ ዓይነት ወጪን ያካተተ አይደለም።

በአየር ጉዞ ገበያ የገበሬውን ቦታ የያዘው አየር መንገዱ ነው። መቀመጫው የእርሱ ነው፤ ዋጋውንም የሚወስነው እርሱ ነው። የነጋዴውን ቦታ የያዙት የጉዞ ወኪሎች ናቸው። ከእነዚህም ውስጥ በከተማ ቢሮ ከፍተው የሚሠሩ አሉ፤ እንደ ኤክስፒዲያና ትሪፕ ዶት ኮም ያሉት ደግሞ በኢንተርኔት ብቻ ይሸጣሉ። ሦስተኛው፣ ገበያ ውሎ እንደመጣው ሰው ያለው፣ የማነጻጸሪያ ድረ ገጽ ነው። ስካይስካነር፣ ካያክና ጉግል ፍላይትስ በዚህ ዘርፍ ይታወቃሉ። እነዚህ በአብዛኛው ራሳቸው ትኬት አይቆርጡም፤ የአየር መንገዶችንና የወኪሎችን ዋጋ ሰብስበው ያሳያሉ፣ ተጠቃሚው አንዱን ሲመርጥ ወደ ሻጩ ገጽ ይመሩታል። ገቢያቸውም ወደ ሻጩ ከመሩት ደንበኛና ከማስታወቂያ የሚገኝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ብዙ ድረ ገጾችን ማየት ብዙ ገለልተኛ ምስክሮችን መጠየቅ ማለት ላይሆን ይችላል። ስካይስካነር እ.ኤ.አ. በ2016 ዛሬ ትሪፕ ዶት ኮም ግሩፕ በሚባለው የቻይና ኩባንያ ተገዝቷል። ካያክ ደግሞ ቡኪንግ ሆልዲንግስ በተሰኘው ድርጅት ሥር ይገኛል። ስለዚህ የተለያየ ስም ያላቸው ገጾች መረጃቸውን የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ፣ ትርፋቸውም የሚገባው ወደ አንድ ካዝና ሊሆን ይችላል።

ገበያው እንዴት ወደዚህ ደረሰ?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም ተመሥርቶ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ ትኬት የሚጻፈው በእጅ ነበር። በዓለም ላይ መቀመጫን በኮምፒውተር መመዝገብ የተስፋፋው አሜሪካን ኤርላይንስ ከአይቢኤም ጋር ሆኖ ሴበር የተባለውን ሥርዓት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ካዋለ በኋላ ነው። በአውሮፓ ደግሞ ኤር ፍራንስ፣ ሉፍታንዛ፣ አይቤሪያና ኤስኤኤስ እ.ኤ.አ. በ1987 አማዴየስን መሠረቱ። ወኪሎች በየቢሯቸው ሆነው የመቀመጫ ብዛትና ዋጋ የሚያዩት በእነዚህ ማከፋፈያ ሥርዓቶች አማካይነት ነው። አየር መንገዶችም በዚህ መንገድ ለሚሸጥ ትኬት ለማከፋፈያው ክፍያ ይከፍላሉ፤ ለወኪሉም ኮሚሽን ይሰጡ ነበር።

ኢንተርኔት ሲመጣ አየር መንገዶች ለደንበኛው በቀጥታ መሸጥ ቻሉ። ለወኪል የሚከፈለው ኮሚሽንም ወጪ ሆኖ ታያቸው። የአሜሪካው ዴልታ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሀገር ውስጥ ደርሶ መልስ ትኬት የሚሰጠውን ኮሚሽን በ50 ዶላር ገደበ፤ በ2002 ደግሞ በአሜሪካ መሠረታዊውን ኮሚሽን አስቀረ። ሌሎችም ተከተሉት። ከዚያ ወዲህ ወኪሉ ገቢውን ከመንገደኛው በሚቀበለው የአገልግሎት ክፍያ መሸፈን ነበረበት። ሉፍታንዛ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1 ቀን 2015 ጀምሮ በማከፋፈያ ሥርዓቶች በኩል በሚቆረጥ እያንዳንዱ ትኬት ላይ 16 ዩሮ ጨመረ፤ በራሱ ድረ ገጽ ለሚገዛ ግን ይህን አላስከፈለም። አንድ በረራ በሁለት በር ሁለት ዋጋ ሊኖረው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ልዩነቱን የሚፈጥሩ አምስት ምክንያቶች

የመጀመሪያው ምክንያት ጊዜ ነው። የማነጻጸሪያ ድረ ገጾች ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁልጊዜ ከአየር መንገዱ አዲስ መልስ አይጠይቁም፤ ቀደም ሲል ያገኙትን ዋጋ አስቀምጠው ያሳያሉ። ገበያ ውሎ የመጣው ሰው የነገረው ዋጋ ጠዋት የዋለው እንጂ ማታ ያለው እንዳልሆነ ሁሉ፣ በድረ ገጹ ላይ የታየውም ዋጋ ከሰዓታት በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። መንገደኛው ሊገዛ ሲገባ ዋጋው ጨምሮ የሚያገኘው ሁልጊዜ ስለተታለለ ላይሆን ይችላል፤ የቆየ ዋጋ ስለታየው ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የመቀመጫ ምድብ ነው። በአንድ አውሮፕላን የኢኮኖሚ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች የተለያየ ዋጋ ከፍለው ሊሆን ይችላል። አየር መንገዶች መቀመጫውን በፊደል በሚሰየሙ በርካታ የዋጋ ምድቦች ይከፍሉታል። ርካሹ ምድብ ጥቂት መቀመጫ ብቻ ይኖረዋል፤ ያ ሲያልቅ ሽያጩ ወደ ቀጣዩ ይሸጋገራል። በመሆኑም በአንድ ምድብ ሁለት መቀመጫ ብቻ በቀረበት ሰዓት ለአምስት ሰው ዋጋ የጠየቀ ቤተሰብ፣ ለአምስቱም የሚቀርብለት ውዱ ምድብ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ለሁለት ሰውና ለሦስት ሰው ለየብቻ ዋጋ መጠየቅ ወጪ ይቀንሳል።

ሦስተኛው በዋጋው ውስጥ የተካተተው ነገር ነው። የትኬት ዋጋ በውስጡ መሠረታዊውን የጉዞ ዋጋ፣ አየር መንገዱ በነዳጅና በመሳሰሉት ስም የሚጨምረውን ክፍያ፣ የኤርፖርት የመንገደኛ አገልግሎት ክፍያንና የመንግሥታትን ግብር ይይዛል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ደንብ ቁጥር 1008፣ የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም ከ2012 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ፣ ግዴታ የሆኑ ክፍያዎች በሙሉ በሚታወጀው ዋጋ ውስጥ እንዲካተቱ አዘዋል። ሻንጣ፣ የመቀመጫ ምርጫና ምግብ ግን እንደ ግዴታ አይቆጠሩም። ስለዚህ ሻንጣ የሌለው ትኬትና ሁለት ሻንጣ ያለው ትኬት በአንድ ዝርዝር ላይ ተደርድረው ሊታዩ ይችላሉ።

አራተኛው የወኪሉ ጭማሪ ነው። በኢንተርኔት የሚሸጡ አንዳንድ ወኪሎች በማነጻጸሪያው ዝርዝር ላይ ከላይ ለመታየት መነሻ ዋጋቸውን ዝቅ አድርገው ያቀርባሉ፤ በክፍያው ገጽ ላይ ግን የአገልግሎት፣ የካርድና የመድን ክፍያ ይጨምራሉ። አንዳንዴም መድኑን አስቀድመው ምልክት አድርገውበት ስለሚያቀርቡት፣ ገዢው ምልክቱን ካላነሳ ሳያውቀው ይከፍላል።

አምስተኛው ገንዘቡና ሀገሩ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ዋሽንግተን ደርሶ የሚመለስ ጉዞና ከዋሽንግተን ተነሥቶ አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ ጉዞ፣ ርቀታቸው አንድ ቢሆንም ዋጋቸው የተለያየ ነው። ድረ ገጹ ጉዞውን በዶላር፣ በዩሮ ወይም በብር ሲያሳይም የተጠቀመበት ምንዛሬ ከባንኩ ምንዛሬ ጋር ላይገጥም ይችላል።

ስሌቱ በምሳሌ

የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ብቻ የተወሰዱ እንጂ የየትኛውም ድርጅት ዋጋ አይደሉም። አንድ መንገደኛ ወደ ዓረብ ሀገር የሚያደርሰውን ትኬት ሲፈልግ የማነጻጸሪያው ድረ ገጽ በአንድ ወኪል በኩል 32,000 ብር፣ አየር መንገዱ ደግሞ 36,000 ብር አሳዩት እንበል። በመጀመሪያ እይታ ወኪሉ በ4,000 ብር ይረክሳል። ነገር ግን የወኪሉ ትኬት ሻንጣ አያካትትም፤ ለአንድ ሻንጣ 4,500 ብር ይጠይቃል። የአገልግሎት ክፍያው 1,200 ብር፣ ካርዱ ሲከፈልበት የሚቆረጠው ደግሞ 800 ብር ነው። ድምሩ 38,500 ብር ይሆናል። የአየር መንገዱ ትኬት ግን ሻንጣውን ይዞ 36,000 ብር ነው። በ4,000 ብር ርካሽ የመሰለው ትኬት በ2,500 ብር ውድ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ተመሳሳዩ ስሌት በተቃራኒውም ሊሠራ ይችላል። መንገደኛው በእጁ ከሚይዘው ቦርሳ በቀር ሻንጣ ከሌለው የሻንጣው 4,500 ብር ይወጣና የወኪሉ ጠቅላላ ዋጋ 34,000 ብር ይሆናል፤ ከአየር መንገዱም ይረክሳል። በአዲስ አበባ የሚሠሩ ሕጋዊ ወኪሎችም ከአየር መንገዶች ጋር ተዋውለው ለቡድን ወይም ለተወሰነ መስመር በልዩ ዋጋ የሚሸጡበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «ሁልጊዜ አየር መንገዱ ይረክሳል» ወይም «ሁልጊዜ ወኪሉ ይረክሳል» የሚል ደንብ የለም። ያለው ደንብ አንድ ነው፤ የሚነጻጸሩት ሁለቱ ትኬቶች አንድ ዓይነት ነገር የያዙ መሆን አለባቸው።

በሀገር ውስጥ በረራ የሚነጻጸረው ቀኑ ነው

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ ወይም ኮምቦልቻ ለሚደረግ መደበኛ በረራ የሚያገለግለው በተግባር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ተፎካካሪ በሌለበት መስመር አሥር ድረ ገጽ ቢታይ ምንጩ አንድ ስለሆነ ጥቅሙ አነስተኛ ነው፤ እንዲያውም በመካከል የገባው ወኪል የራሱን ክፍያ ሊጨምርበት ይችላል። በዚህ መስመር ገንዘብ የሚቆጥበው ድረ ገጽ ከድረ ገጽ ማነጻጸር ሳይሆን ቀንን ከቀን፣ የጠዋቱን በረራ ከከሰዓቱ ማነጻጸር ነው።

የበዓላት ወቅት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። የገና በዓል በላሊበላ፣ ጥምቀት በጎንደር በሚከበሩበት ሰሞን ርካሾቹ የመቀመጫ ምድቦች ቀድመው ያልቃሉ። በዓሉ የሚውልበት ቀን ዓመቱን ሙሉ የሚታወቅ በመሆኑ፣ ጥር 11 ጎንደር ለመዋል የሚያስብ ሰው ትኬቱን በኅዳር ቢፈልግ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ከሚፈልገው ሰው የተሻለ ዋጋ የማግኘት ዕድል አለው።

ከውጭ ለሚመጡ ዘመዶችና እንግዶች ደግሞ ሌላ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በራሱ ዓለም አቀፍ በረራ ወደ ሀገር ውስጥ ለሚገቡ መንገደኞች በሀገር ውስጥ በረራ ላይ ቅናሽ ያደርጋል። የውጭ ማነጻጸሪያ ድረ ገጽ መንገደኛው በምን እንደገባ ስለማያውቅ ይህን ቅናሽ ላያሳይ ይችላል። በእንጦጦና በአዲስ አበባ ቆይቶ ወደ ላሊበላ ለመሄድ የሚያስብ እንግዳ፣ ዓለም አቀፍ ትኬቱን ይዞ አየር መንገዱን በቀጥታ ቢጠይቅ ይጠቀማል።

በውጭ ሀገር በረራ፦ ርካሹ መንገድ የሚያስከትለው

ወደ ውጭ በሚደረግ ጉዞ የማነጻጸሪያ ድረ ገጾች ጥቅም ጎልቶ ይታያል። ከቦሌ ወደ ዱባይ ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ሌላ ኤሚሬትስና ፍላይዱባይ፣ ወደ ጅዳ ሳዑዲያ፣ ወደ ኢስታንቡል የቱርክ አየር መንገድ፣ ወደ ፍራንክፈርት ሉፍታንዛ ይበራሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ገጽ ማየት ቀን የሚፈጅን ልፋት በደቂቃዎች ይተካል።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ጥንቃቄ ይሻሉ። አንደኛው በጋራ የሚሸጥ በረራ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 የተቀላቀለው ስታር አልያንስን በመሰሉ ጥምረቶችና ስምምነቶች አማካይነት፣ አንዱ አየር መንገድ የሌላውን አውሮፕላን መቀመጫ በራሱ ስምና የበረራ ቁጥር ይሸጣል። በዝርዝሩ ላይ ሁለት በረራ መስሎ የሚታየው አንድ አውሮፕላን ሊሆን ይችላል። የመነሻ ሰዓታቸው አንድ ከሆነና «በሌላ አየር መንገድ የሚበር» የሚል ጽሑፍ ካለ፣ ሁለቱን ሻጮች ማነጻጸርና ርካሹን መውሰድ ይቻላል።

ሁለተኛውና ይበልጥ አደገኛው፣ ተለያይተው የተቆረጡ ትኬቶች ናቸው። አንዳንድ ወኪሎች ዋጋ ለመቀነስ ሲሉ የማይተዋወቁ ሁለት አየር መንገዶችን ትኬት ገጣጥመው ይሸጣሉ። መንገደኛው በመሸጋገሪያው ከተማ ሻንጣውን ራሱ ተቀብሎ፣ በኢሚግሬሽን አልፎ፣ እንደ አዲስ መንገደኛ መመዝገብ ሊኖርበት ይችላል። ይህም የዚያን ሀገር ቪዛ ይጠይቃል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ አብዛኛው ሀገር ለመግባት አስቀድሞ ቪዛ ስለሚያስፈልገው፣ ለአውሮፓዊ ምንም የማይመስለው ይህ ሽግግር ለኢትዮጵያዊው ጉዞውን የሚያስቀር ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጥም ሁለተኛው አየር መንገድ ኃላፊነት የለበትም። ሁሉም በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ ካሉ ግን መንገደኛውን ወደ መድረሻው የማድረስ ግዴታው የአየር መንገዱ ነው።

የብሩ ምንዛሬና የክፍያው መንገድ

የዓለም አቀፍ ትኬት ዋጋ መነሻው በአብዛኛው የውጭ ገንዘብ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀደም ሲል 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር ምንም ሳይጨምር 600 ዶላር የቆየ ትኬት፣ በ57 ብር ሲሰላ 34,200 ብር፣ በ100 ብር ሲሰላ 60,000 ብር ነው። ስለዚህ «አምና በዚህ ዋጋ ሄጄ ነበር» ብሎ ማነጻጸር የሚያዋጣው፣ ንጽጽሩ በዶላር ሲሠራ ብቻ ነው።

ክፍያውም የራሱ ወሳኝ ሚና አለው። አብዛኞቹ የውጭ ድረ ገጾች ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ይጠይቃሉ፤ በሀገር ውስጥ ይህ ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ግን ቴሌብርንና የሞባይል ባንክን በመሳሰሉ የሀገር ውስጥ አማራጮች በብር ሊከፈል ይችላል። በዚህም የተነሣ ለአብዛኛው የሀገር ውስጥ ነዋሪ የውጭው ድረ ገጽ መግዣ ሳይሆን ማወቂያ ነው።

በውጭ የሚኖር ልጅ ለወላጁ ትኬት ሲገዛ የሚያጋጥም ችግርም አለ። አንዳንድ አየር መንገዶች ማጭበርበርን ለመከላከል የተከፈለበትን ካርድ ወይም የካርዱን ባለቤት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ልጁ ከመግዛቱ በፊት ይህን ቢያጣራ፣ ወላጁ ቦሌ ደርሶ ከመመለስ ይድናል። በአሜሪካ የሚኖሩ ገዢዎች ሌላም መብት አላቸው። ከበረራው ሰባት ቀንና ከዚያ በላይ አስቀድሞ በቀጥታ ከአየር መንገድ የተገዛን ትኬት በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ፣ ወይም ሳይከፍሉ ዋጋውን ለ24 ሰዓት ማስያዝ እንዲቻል የአሜሪካ ደንብ አየር መንገዶችን ያስገድዳል። ይህ ግዴታ ግን በኢንተርኔት በሚሸጡ ወኪሎች ላይ አልተጣለም።

ጉዞ ሲለወጥ ማን ይጠየቃል?

ዋጋ ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ነገር ከተበላሸ በኋላ ያለው ወጪ ነው። ውድድሩ የተራዘመበት ሯጭ፣ ቪዛው የዘገየበት ተማሪ፣ ሐዘን የገጠመው ቤተሰብ ትኬቱን ማስለወጥ ይኖርበታል። በወኪል የተገዛን ትኬት ለማስለወጥ አየር መንገዱ መንገደኛውን ወደ ወኪሉ ሊመልሰው ይችላል፤ ገንዘቡን የተቀበለው ወኪሉ ነውና። ወኪሉም ከአየር መንገዱ ቅጣት ላይ የራሱን ክፍያ ይጨምራል። ቢሮው ሰፈር ውስጥ ያለ ወኪል ቢያንስ በአካል ሄዶ ማነጋገር ይቻላል፤ ሌላ አህጉር ያለ ድረ ገጽ ግን ስልክ እንኳ ላያነሣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ በረራዎች በጅምላ ሲሰረዙ፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ መንገደኞች ገንዘባቸውን ለማስመለስ በወኪልና በአየር መንገድ መካከል ሲንከራተቱ የቆዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ስምም ሌላው የችግር ምንጭ ነው። የኢትዮጵያውያን ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ሲሆን፣ የውጭ ድረ ገጾች ደግሞ «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃሉ። በትኬቱ ላይ የሚጻፈው ስም በፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር በፊደል ሳይቀር መግጠም አለበት። የተሳሳተን ስም በአየር መንገዱ ቢሮ ማስተካከል፣ በሩቅ ባለ ወኪል በኩል ከማስተካከል ይቀላል።

ቀንና ሰዓትም እንዲሁ ናቸው። በትኬት ላይ የሚጻፈው የፈረንጆች ቀንና ከእኩለ ሌሊት የሚቆጠረው ሰዓት ነው። 01፡30 ማለት ከሌሊቱ 7፡30 ነው፤ ቀኑም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ተለውጧል። በወሩ 15ኛ ቀን 01፡30 የሚነሳ በረራ ያለው ሰው ኤርፖርት መገኘት ያለበት በ14ኛው ቀን ማታ ነው። ሁለት ትኬቶችን ሲያነጻጽሩ በአንድ ቀን ልዩነት ምክንያት አንዱ ርካሽ መስሎ እንዳይታይ ይህን ማስተዋል ይገባል።

ቦታ መያዝና ትኬት መቁረጥ አንድ አይደሉም

በማኅበራዊ ሚዲያ «በግማሽ ዋጋ ትኬት እንቆርጣለን» እያሉ በግል የባንክ ሒሳብ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች፣ ለገዢው የሚልኩት ብዙ ጊዜ የተያዘ ቦታን የሚያሳይ ወረቀት ነው። የተያዘ ቦታ ስድስት ፊደላትና ቁጥሮች ያሉት ኮድ ይኖረዋል፤ ክፍያ ካልተፈጸመበት ግን ጊዜው ሲያልፍ በራሱ ይሰረዛል። የተቆረጠ ትኬት ከዚህ ኮድ በተጨማሪ 13 አኃዝ ያለው የትኬት ቁጥር አለው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች አየር መንገዱን ያመለክታሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት በ071 ይጀምራል። ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ወይም ወዲያው እንደከፈለ፣ ኮዱንና ስሙን በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ወይም ወደ ቢሮው ሄዶ ማረጋገጥ ይችላል። ይህን ማድረግ ምንም አያስከፍልም።

ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄዱ ዜጎች ደግሞ ከዋጋ ማነጻጸር በፊት የሚቀድም መብት አላቸው። የኢትዮጵያ የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የደርሶ መልስ የጉዞ ወጪንና የመግቢያ ቪዛ ክፍያን በአሠሪው ላይ ጥሏል። በሕጋዊ መንገድ የምትሄድ ወጣት ለትኬት ክፈይ ከተባለች፣ ልትጠይቅ የሚገባው የቱ ድረ ገጽ እንደሚረክስ ሳይሆን ለምን እንደምትከፍል ነው።

ንጽጽሩን በቅደም ተከተል

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ወደ አንድ አሠራር ይጠቃለላል። መጀመሪያ በማነጻጸሪያ ድረ ገጽ የሚበሩትን አየር መንገዶች፣ ርካሾቹን ቀኖችና የመሸጋገሪያ ከተሞችን ማወቅ። ቀጥሎ የተመረጠውን በረራ፣ በዚያው ቀንና ሰዓት፣ በራሱ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ወይም ቢሮ መጠየቅ። በሦስተኛ ደረጃ በሁለቱም በኩል ሻንጣን፣ የአገልግሎት ክፍያንና ምንዛሬን ደምሮ እስከ መጨረሻው የክፍያ ገጽ መድረስ፤ ሊነጻጸር የሚገባው በመጀመሪያው ገጽ ያለው ሳይሆን በመጨረሻው ገጽ ያለው ዋጋ ነውና። በአራተኛ ደረጃ ትኬቱ ቢለወጥ ወይም ቢሰረዝ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ማንበብ። በመጨረሻም የተከፈለበት ትኬት ቁጥሩ መውጣቱን ማረጋገጥ።

ይህ ሁሉ ምናልባት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ግማሽ ሰዓቱን የሚሸሽ ሰው በኋላ የሚከፍለው ከዚያ ይበዛል። በአየር መንገዱና በወኪሉ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ከሆነና የጉዞው ቀን ሊለወጥ የሚችል ከሆነ፣ በቀጥታ ከአየር መንገዱ መግዛቱ ያዋጣል። ልዩነቱ ሰፊ፣ ወኪሉ የታወቀ፣ ጉዞውም የማይለወጥ ከሆነ ደግሞ ከወኪሉ መግዛት ይቻላል። ምርጫው የመንገደኛው ነው፤ መርጦ የሚገዛው ግን ሁለቱንም ዋጋ እስከ መጨረሻው ድምር ያየ ሰው ነው።